የጥርስ ሽቦና የዕቁብ ዕጣ

ለመሆኑ የልጅ ጥርስ ተጣሞ መብቀል ችግር ነው ወይስ አይደለም? ጥያቄው ለጨዋታ የተነሣ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ለዚህ ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ስለ ልጆቻችን፣ ስለ ጎረቤቶቻችንና ስለ ገንዘባችን ያለንን አስተሳሰብ ሳይደብቅ ያወጣዋል ከሚሉት ወገን ነኝ። እስቲ አንባቢም ጥቂት ታግሦ ይከተለኝ።

ተማሪ በሚለቀቅበት ሰዓት ከቦሌ መድኃኔዓለም ወደ ሃያ ሁለት በእግሩ የሚያዘግም ሰው የምለውን ያውቃል። ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች እየተሳሳቁ ሲያልፉ፣ ከመካከላቸው የአንዱ አፍ ፀሐይ ሲያገኘው ብልጭ ይላል። ከሃያ ዓመት በፊት እንዲህ ያለ ልጅ ከታየ ለክረምት ከአሜሪካ የመጣ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። ዛሬ ከገርጂም፣ ከሲኤምሲም፣ ከሰሚት ኮንዶሚኒየምም ይመጣል። ልጆቹ «ብሬስ» ይሉታል፤ እናቶቻቸው «ሽቦ» ይሉታል። እኔም ከእናቶቹ ጋር ሽቦ እላለሁ።

የነገሩን አሠራር ማወቅ ለክርክራችን ይጠቅማል። በእያንዳንዱ ጥርስ ላይ ትንሽ ብረት ይለጠፋል፤ በብረቶቹ መካከል ቀጭን ሽቦ ያልፋል። ሽቦው ወደ ቅርጹ ለመመለስ ሲታገል ጥርሱን ቀስ እያለ ይስበዋል። ጥርስ አጥንት ውስጥ የተተከለ ነውና በሚገፋበት በኩል ያለው አጥንት እየሟሟ ቦታ ይለቃል፤ ትቶት በሄደው በኩል ደግሞ አዲስ አጥንት ይሠራል። አጥንት አይቸኩልም። ሥራው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ይፈጃል፤ በየወሩ ወይም በየስድስት ሳምንቱ ሐኪም ዘንድ እየተቀረበ ሽቦው ይስተካከላል። ከተነቀለ በኋላም ጥርሱ ወደ ቀድሞ ቦታው እንዳይሸሽ ማታ ማታ የሚደረግ ማቆያ አለ። እንግዲህ ሽቦ እንደ ጫማ አንዴ ተከፍሎበት የሚወሰድ ዕቃ አይደለም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ የሚጠበቅ ቃል ነው። ወላጅ ውሉን ሲፈርም የሚሸጥለት ይኸው ቃል ነው፤ ብዙዎቹ ግን የሚያዩት የመጀመሪያውን ክፍያ ብቻ ነው።

ባለጸጋው እንዴት እንደሚከፍል ብዙ የሚጻፍ የለም። ይከፍላል። ከዚህ በላይ የሚያስከፍለው ነገር ቢኖር ልጁን ከትምህርት ቤት አውጥቶ በመገናኛ መጨናነቅ ውስጥ ክሊኒክ ማድረስ ነው፤ እሱንም የሚችለው ሾፌሩ ነው። ይህን የምለው ባለጸጋውን ለመውቀስ አይደለም። አባት ያለውን ለልጁ ቢያደርግ ማን ይፈርድበታል? ወደ እሱ ግን እመለሳለሁ፤ ንጹሕ ነው ብዬም አላልፈውም።

ነገሩ የሚከብደው ከእርሱ በታች ካለው ቤተሰብ ላይ ነው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ጀማሪ የዲግሪ ምሩቅ በወር 11,500 ብር ያገኛል። ይህን ይዞ የቦሌን ክሊኒኮች ዋጋ የጠየቀ ሰው፣ ወሮቹን በጣቱ መቁጠር ጀምሮ ጣት ያልቅበታል። በዚያ ላይ የ20/80 ኮንዶሚኒየም ዕዳ ለባንክ በየወሩ ይከፈላል፤ የታክሲ አለ፤ የትምህርት ቤት አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ከ2003 ዓ.ም. ሙከራው ጀምሮ ለብዙ ቤተሰብ መጠጊያ ሆኗል፤ ለማማር የሚደረግ ሕክምና ግን ከእርሱ ውጭ ነው። ስለዚህ መካከለኛው ቤተሰብ ወደሚያውቀው ባንክ፣ ማለትም ወደ ዕቁቡ ይሄዳል።

እኔ በገርጂ የአንድ ዕቁብ አባል ነኝ። ሠላሳ ሰዎች ነን፤ ባለ ሱቅ አለ፣ ልብስ ሰፊ አለ፣ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ የምትሸጥ ሴት አለች፣ ሁለት መምህራን አሉ። ዳኛችን ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ ናቸው። በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በተራ በየቤታችን እንሰበሰባለን። በእኛ ደንብ ዕጣ የወጣለት ሰው ችግር ለገጠመው አባል ተራውን ሊለቅለት ይችላል፤ ችግሩ ችግር መሆኑን ግን ማኅበርተኛው ተነጋግሮ መቀበል አለበት። ሞት፣ ሕመም፣ የተጠራቀመ የቤት ኪራይ ያለ ክርክር ያልፋሉ።

በ2015 ዓ.ም. ከመምህራኑ አንዷ ተነሥታ ዕጣ እንዲለቀቅላት ለመነች። ምክንያቱን ስትጠየቅ የ13 ዓመት ልጇ ጥርስ ነው አለች። የልጅቷ የላይኛው ክራንቻ ቦታ አጥቶ ከሌላው ጥርስ በላይ ወጥቷል፤ የፊቶቹም ተደራርበዋል። ሐኪሙ እንዳለው ለጊዜው ከማኘክ አያግዳትም፤ ሲቆይ ግን የታችኛው ጥርስ ድዷን እየወጋ ይጎዳታል። ልጅቷ ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች፤ በክፍል ውስጥ ስትጠየቅ የምታውቀውንም አትመልስም።

ዳኛው ጥቂት ዝም ብለው፣ «ልጄ፣ ጥርስ የሌለው ሰው ጥርስ ቸገረኝ ቢል ይገባኛል። ጥርስ ሞልቷት ጥርስ ቸገራት ስትይኝ ግን ምን ልበልሽ?» አሏት። ቤቱ ሳቀ። መምህርቷ ግን አልሳቀችም፤ «ጋሼ፣ እርስዎ አፏን ሸፍና ስትስቅ አላዩአትም» ብላ ተቀመጠች።

ልብስ ሰፊው ተነሣ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አምና ለሠርግ ዕጣ ያስለቀቅነው ሠርግ በሽታ ሆኖ ነው? ለዳስና ለሙዚቃ የለቀቀ ማኅበር ለልጅ አፍ እንዴት እንቢ ይላል?» አለ። አንዱ ባለ ሱቅ ደግሞ፣ «ዛሬ ለጥርስ ከለቀቅን ነገ ለጸጉር ይመጡብናል፤ ችግርና ፍላጎት ካልተለየ ዕቁብ ይፈርሳል» ሲል መለሰ። ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ዕቁብ የሚቆመው አባሉ ሁሉ የራሱን ፍላጎት ለተራው ስለሚያስገዛ ነው። ክርክሩ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ቀጠለ። በመጨረሻ ዕጣው የወጣላት ባለ በርበሬዋ፣ «የእኔ ዕቃ ለአንድ ወር አይበላሽም» ብላ ለቀቀች። ሁለት ዋስ ተጠየቀ፤ አንዱ እኔ ሆኜ ፈረምኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የባለ ሱቁና የልብስ ሰፊው ክርክር ከአእምሮዬ አልጠፋም። ችግርን ከፍላጎት የሚለየው ምንድን ነው?

ሐኪም ይለየዋል እንዳንል፣ ሐኪሙም ግማሹን ለጤና ግማሹን ለመልክ ብሎ ነው የነገራት። ሀብታሞቹ አገሮችም ከዚህ አላመለጡም። ብሪታንያ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ በመንግሥት ወጪ ሽቦ ታደርጋለች፤ ለሁሉም ማድረግ ስለማትችል ግን ከ1989 ወዲህ በወጣ መለኪያ የልጁን ጥርስ በአምስት ደረጃ ትመድባለች። አራተኛና አምስተኛ የወጣ ያገኛል፤ አንደኛና ሁለተኛ አያገኝም። በሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ግን ሚሊሜትሩ ስለማይበቃቸው አሥር ፎቶግራፍ ተደርድሮ የልጁ ጥርስ የትኛውን ይመስላል ተብሎ ይታያል። ማለትም የመንግሥት መለኪያም ዳር ላይ ሲደርስ «ያስጠላል ወይስ አያስጠላም?» ብሎ ይጠይቃል። የገርጂ ዕቁብ በቡና ላይ የጠየቀውም ይኸንኑ ነው። ልዩነቱ እኛ ልጅቷን እናውቃታለን።

ውበት እንደሆነ አንድ ቦታ ቆሞ አያውቅም። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ድድ መነቀስ ስንት ዘመን የሴት ልጅ ጌጥ ነበር! ጥላሸት በመርፌ ወይም በእሾህ ድድ ውስጥ ይገባል፤ ድዱ ሲጠቁር ጥርሱ ነጭ ሆኖ ይታያል። ሕመሙን የቻለች ልጅ ትመሰገናለች። ፍንጭትም አለ። የፊት ጥርሶች መካከል ያለ ክፍተት በሐኪም መጽሐፍ የሚታረም ነገር ነው፤ በእኛ ዘፈን ግን ፍንጭት ያላት ሴት ስትወደስ ኖራለች። ሐኪሙን «ሌላውን አስተካክልልኝ፤ ፍንጭቷን ግን እንዳትነካብኝ» ያለች የቦሌ እናት አውቃለሁ። እኔ ይህችን እናት አደንቃታለሁ። የሐኪሙ መስመር የእግዚአብሔር መስመር እንዳልሆነ ገብቷታል።

በወንጂ ያደገ አንድ ወዳጄ ደግሞ እንዲህ አጫውቶኛል። የሆላንዶቹ ኩባንያ በ1954 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የስኳር ፋብሪካውን ሥራ ካስጀመረ ወዲህ ሠራተኛው ከጉድጓድ የወጣ ውኃ ሲጠጣ ኖረ። የስምጥ ሸለቆ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ በሕፃንነቱ የጠጣው ሰው ጥርሱ ይበልዛል፤ ብዙ ዘመን የጠጣውም አጥንቱ ይጎዳል። «እዚያ ሳለሁ ጥርሴ ቡናማ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ የሁላችንም እንዲያው ነበርና። ያወቅሁት አዲስ አበባ የገባሁ ዕለት ነው» አለኝ። በመንገድ ላይ ጥርሱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚያየው ሰው ነው።

አዳም ስሚዝ በ1776 ባሳተመው ስለ ሀብት በጻፈው መጽሐፉ ስለ ሸሚዝ ያነሣው ነገር እዚህ ላይ ይረዳናል። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ከተልባ ጭረት የተሠራ ሸሚዝ ሳይኖራቸው ተመችቷቸው ኖረዋል፤ በእርሱ ዘመን ግን የቀን ሠራተኛ እንኳ ያለዚያ ሸሚዝ አደባባይ ለመውጣት ያፍር ነበር። ስለዚህ ሸሚዙ ለሰው ከግድ ነገሮች ተቆጠረ፤ የቆዳ ጫማም እንዲሁ። ሕንዳዊው አማርትያ ሴን፣ በ1998 የኖቤል ሽልማት ያገኘው፣ ከዚህ ሐሳብ ተነሥቶ ድህነት የሆድ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ሳያፍሩ በሰው ፊት የመቅረብም ጉዳይ ነው ሲል አስተምሯል። እኛም በጫማ አይተነዋል። አያቶቻችን በባዶ እግራቸው ሲሄዱ አላፈሩም፤ ዛሬ ልጁን በባዶ እግሩ ትምህርት ቤት የሚልክ ወላጅ ግን ያፍራል።

ስሚዝ ያልጠየቀውን እኔ ልጠይቅ። ሸሚዙን ግድ ያደረገው ማነው? የለበሱት ናቸው። ወደ ባለጸጋው አባት እመለሳለሁ ያልኩትም ለዚህ ነው። እሱ የልጁን ጥርስ ሲያስተካክል በመምህርቷ ልጅ ላይ ምንም አላደረገም፤ ስሟንም አያውቅም። ነገር ግን በአንድ ክፍል ከተቀመጡት ልጆች መካከል የአንዱ፣ ከዚያም የአምስቱ፣ ከዚያም የአሥሩ ጥርስ ሲሰለፍ፣ የቀረችው ልጅ ጠማማ ሆነች። የእርሷ ጥርስ ትናንት በነበረበት ነው ያለው፤ የተንቀሳቀሰው የጎረቤቷ ጥርስ ነው። ከዚያ በኋላ ጠማማ ጥርስ የተፈጥሮ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የአባት ኪስ ምስክር ይሆናል። እንግዲህ «ፍላጎት ነው እንጂ ችግር አይደለም» የሚለው የባለ ሱቁ ሙግት የሚረሳው ይህንን ነው፤ ፍላጎቱን የፈጠርነው በጋራ ነው፤ ሂሳቡ ሲመጣ ግን ለየብቻ ነው የምንከፍለው። ዕቁቡ ያን እሑድ ያደረገው ነገር ትክክል የሚመስለኝ በዚህ ምክንያት ነው። በጋራ የመጣውን ነገር፣ ለአንድ ወርም ቢሆን፣ በጋራ ተሸከመው።

ይህን ስል ግን ሽቦ ለሁሉም ልጅ ይደረግ ማለቴ እንዳይመስል። እንዲያውም ካየኋቸው ሁሉ ያሳዘነኝ፣ ባይጀመር ይሻል የነበረ ሽቦ ነው።

አያት አካባቢ የምትኖር አንዲት አሮጊት የልጅ ልጃቸውን ያሳድጋሉ። የልጁ እናት ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ ከሄደች ልጁ የሚያውቃት በስልክ ነው። በቪዲዮ ሲያወሩ የምታየው ፊቱን ነው፤ የሚበላውን አትቀምስለትም፣ ትኩሳቱን አትዳስስም። አንድ ቀን «ጥርሱ ምን ሆኗል?» አለች። በ2011 ዓ.ም. ገንዘብ ልካ ሽቦ አስደረገችለት። አሮጊቷ አልወደዱትም። እርሳቸው በልጅነታቸው ድዳቸውን ተነቅሰዋል። «እኔ ስነቀስ ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም፤ በአራተኛው ቀን ግን አለቀ። ይኼ የማያልቅ ንቅሳት ነው» ይሉ ነበር። እኔ ግን እናትየዋን ለመረዳት አልከበደኝም። ከሩቅ ያለች እናት የምትሰጠው ነገር በስልክ መስታወት ላይ የሚታይ እንዲሆን ብትፈልግ ምን ይደንቃል? በየሳምንቱ «እስቲ ሳቅ» ትለዋለች፤ ሲስቅ የላከችውን ገንዘብ ታያለች። ከንቱነት የሚሉት ይበሉት፤ እኔ እናትነት ነው እላለሁ።

በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሊባኖስ ታመሰች። ባንኮች ተዘጉ፤ ዶላር ጠፋ፤ የአገሩ ገንዘብ ዋጋ እየተንኮታኮተ ሄደ። ቀጥሎ ኮሮና መጣ። ደመወዛቸውን የተነፈጉ፣ አሠሪዎቻቸው በመኪና አምጥተው ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ የጣሏቸው እኅቶቻችን ምስል በዚያው ዓመት ዓለምን ዞሯል። የዚህ ልጅ እናት ከዚያ ብትተርፍም ገንዘብ መላክ አልቻለችም። ልጁ በየወሩ መቅረቡን አቆመ። ሽቦው ግን አፉ ውስጥ ነበር። የሚያስተካክለው የሌለ ሽቦ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ምግብ ይይዛል፣ በብረቶቹ ዙሪያ ጥርሱ ይበሰብሳል። ከአንድ ዓመት በላይ እንዲህ ቆይቶ አንድ ሐኪም ያለ ክፍያ ነቀለለት። ጥርሱ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆሟል፤ ብረቱ በነበረበት ቦታ ሁሉ ነጭ ነጭ ጠባሳ ቀርቷል። ዛሬ ለልጁ እናቱ ጀምራ የተወችው ሰው ናት። እርሷ አልተወችም፤ ለልጁ ይህን ማስረዳት ግን የአያቱ ሥራ ሆኗል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሽቦውም፣ ብረቱም፣ ማጣበቂያውም ከውጭ የሚመጣ ነው። ያን ጊዜ የእኛ መምህርት ልጅ በሕክምናው መካከል ነበረች፤ ክሊኒኩም በየወሩ የሚከፈለውን ጨመረባት። መምህርቷ ቅዳሜና እሑድ በየቤቱ እየዞረች ሒሳብ በማስጠናት፣ ጥርሷን ነክሳ ጨረሰች። በዋስነት የፈረምኩት እኔ ያን ሰሞን ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣሁ ለራሴ ይቆይ። የገባኝ ነገር ቢኖር ባለጸጋውንና መምህርቷን የሚለያቸው የሽቦው ዋጋ ብቻ አለመሆኑ ነው። እሱ ለሁለት ዓመት ቃል መግባት ይችላል። እሷ ግን ነገ በሌላ ሰው እጅ እያለ ነው የምትፈርመው። ክሊኒኮች ለድሃ ቅናሽ እናደርጋለን ከሚሉ፣ አቅም ያጣ ቤተሰብ ልጅ መካከል ላይ እንደማይጣል በውላቸው ቢጽፉ እኔ በበለጠ አመሰግናቸዋለሁ። ሽቦ ለማድረግ ግዴታ የለም፤ በልጅ አፍ ውስጥ ሽቦ ካስገቡ በኋላ ግን ግዴታ አለ። የገንዘቡ ግዴታ የወላጅ ነው፤ የሽቦው ግዴታ የሐኪሙ ነው።

መምህርቷ ወንድ ልጅም አላት፤ አሁን 11 ዓመቱ ነው። የታችኛው መንጋጋው ወደ ፊት ስለወጣ የታች ጥርሶቹ ከላዮቹ ቀድመው ይታያሉ። ለማየት ከእኅቱ ይልቅ የእርሱ ይብሳል፤ ሐኪሙም ለማኘክ የሚያስቸግረው የእርሱ ነው ብሏታል። ታዲያ ለምን የሴቷን አስቀደምሽ ብዬ ጠይቄያት ነበር። «ወንድ ልጅ ምን ይሆናል? ጢም ሲያበቅል ማን ያየዋል?» አለችኝ። መልሱ የእርሷ ብቻ አይደለም። በክሊኒኮቹ በረንዳ ላይ ተራ ሲጠብቁ ካየኋቸው ልጆች የሚበዙት ሴቶች ናቸው። ልጅቷን አስቀድመው የሚያሳክሟት ስለሚሳሱላት ነው ወይስ ፊቷ ለኑሮዋ መያዣ ይሆናል ብለው ስለሚያስቡ? ሁለቱም በአንድ እናት ልብ ውስጥ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። የመምህርቷ ልብ ግን የቱ እንደሚያመዝን እርሷም የምታውቀው አይመስለኝም፤ ደግሜ አልጠየቅኋትም።

አሁን ሌላ ዕቁብ ገብታለች። ልጅቷ ጨርሳ ማታ ማታ ማቆያዋን ታደርጋለች። በቀደም እናትየዋ ወደ መኝታ ቤት ስትገባ ወንዱ ልጅ የእኅቱን ማቆያ ከብርጭቆ አውጥቶ፣ መስታወት ፊት ቆሞ በአፉ ሲሞክረው አገኘችው። «አልገጠመለትም» አለችኝ፤ ከዚያም የዚህኛው ዕቁብ ዳኛ ዕጣ ማስለቀቅን የሚፈቅዱ ሰው መሆናቸውን አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ።